የመጀመሪያ ሥራን በፖሊስነት ለመጀመር፦ የአዊ ወጣቶችና ቤተሰቦቻቸው ከምዝገባ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ የሀገሪቱ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያስመዘገቡት 8 ነጥብ 4 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ በ2016 ዓ.ም. 5 ነጥብ 4፣ በ2015 ዓ.ም. 3 ነጥብ 2፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 3 ነጥብ 3 በመቶ ነበር። ከመቶ ተፈታኞች ከ90 የሚበልጡት ግማሽ ነጥብ እንኳ አላገኙም ማለት ነው። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ከእነዚህ ከፊሎቹን ቢያነሣም፣ ብዙዎቹ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰው ሥራ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል።

በገጠር ይህ ጉዳይ ከመሬት ጋር ይያያዛል። በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ በ18 እና በ25 ዓመት መካከል የሚገኝ ወጣት ከዚያ ወዲህ የተወለደ ነውና የሚያርሰው ከወላጆቹ ማሳ ተካፍሎ ወይም ከሌላ ተከራይቶ ነው። የባንጃን የድንች ማሳ ወይም የፋግታ ለኮማን የአካሻ ዲከረንስ ተክል ለአራት ወንድማማቾች ሲያካፍሉት ለአንዱም አይበቃም። የወር ደመወዝና የደንብ ልብስ ያለው ሥራ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የወጣቶችን ዓይን የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው። የፖሊስነት ሥራ ግን እንደ ሌላው ቅጥር አይደለም፤ ወጣቱ ለዓመታት የሚያስረውን ግዴታ የሚፈርምበት፣ በሰው ነጻነት ላይ ሥልጣን የሚቀበልበት፣ አሁን ባለው የክልሉ ሁኔታ ደግሞ የራሱን ሕይወት ጭምር የሚያስይዝበት ነው።

በሩ አንድ አይደለም

«ፖሊስ ልቀጠር» የሚል ወጣት አስቀድሞ የትኛው ፖሊስ እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት የፌዴራል ፖሊስን፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ ለክልሎች የየራሳቸውን ፖሊስ የማደራጀት ሥልጣን ሰጥቷል። ስለዚህ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ማስታወቂያዎች የሁለት የተለያዩ ቀጣሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ፌዴራል ፖሊስ ምልምሉን የሚወስደው ከመላ ሀገሪቱ ነው፤ የሚመድበውም ወደ መላ ሀገሪቱ ነው። የዳንግላ ልጅ ሞያሌ ወይም አፋር ቢመደብ «ይህን አልጠበቅኩም» ሊል አይችልም፤ ሲመዘገብ «በማንኛውም ቦታ ተመድቤ እሠራለሁ» ብሎ ነውና።

የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን በዞን መምሪያ፣ በወረዳና በከተማ አስተዳደር ደግሞ ጽሕፈት ቤት አለው። የኮሚሽኑ ኮሌጅ የሚገኘው ደብረ ማርቆስ ነው። በክልሉ ፖሊስ የተቀጠረ ወጣት ምደባው በክልሉ ውስጥ ይሆናል እንጂ በትውልድ ቀበሌው ይሆናል ማለት አይደለም። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ልጃቸው ከቤት እየተመላለሰ ሥራ የሚገባ፣ በበጋ ደግሞ አጨዳ የሚያግዝ ይመስላቸዋል።

የማረሚያ ቤት ፖሊስም ሌላ ተቋም ነው፤ ቅጥሩም ሥልጠናውም የተለየ ነው። በፌዴራል ደረጃ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1174/2012 ነው። በከተሞች የሚታየው ደንብ አስከባሪ የከተማ አስተዳደሩ ሠራተኛ እንጂ ወንጀል መርማሪ ፖሊስ አይደለም። የቀበሌ ሚሊሻም ነዋሪው ከእርሻው ጋር አጣምሮ የሚያከናውነው አገልግሎት በመሆኑ የፖሊስ ቅጥር አይባልም። በምዕራብ ጎጃም የሚገኘው ብር ሸለቆ የመከላከያ ሠራዊት መሠረታዊ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ነው። የመከላከያ ምልመላ ማስታወቂያ በአካባቢው ከፖሊስ ማስታወቂያ ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል፣ ከመመዝገብ በፊት በደብዳቤው አናት ላይ ያለውን የተቋም ስምና በግርጌ ያለውን ማኅተም ማንበብ ያስፈልጋል።

ማስታወቂያው ሳይወጣ የሚሠራ ሥራ

የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ የመመዝገቢያው ጊዜ አጭር ነው። ከዚገም ወይም ከጃዊ ቆላ ተነሥቶ እንጅባራ ለመድረስ ሁለት ቀን የሚፈጅበት ወጣት በዚያ ጊዜ ውስጥ የጎደለ ወረቀት ማሟላት አይችልም። ማስታወቂያዎቹ የሚጠይቁት ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደትና የትምህርት ደረጃ ከዙር ዙር፣ ከተቋም ተቋም፣ ከወንድ ለሴትም ይለያያል። አምና ያመለከተ ጎረቤት የሚናገረው ቁጥር ለዘንድሮ ላይሠራ ስለሚችል የዘንድሮው ማስታወቂያ ራሱ ይነበብ። የማይለወጡት የኢትዮጵያ ዜግነት፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በወንጀል አለመከሰስና አለመቀጣት፣ ከሱስ ነጻ መሆን፣ ሙሉ ጤንነትና የነዋሪነት ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ወጣቱን የሚጥለው የስምና የዕድሜ አለመጣጣም ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ተመዝጋቢዎቹ የዛሬ ምልምሎች በእረኝነትና በትምህርት ቤት ላይ የነበሩ ልጆች ስለነበሩ፣ የልደት የምስክር ወረቀታቸው ከተወለዱ ከዓመታት በኋላ በወላጅ ምስክርነት የተሠራ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩ በግምት የጻፈውን ዕድሜ ይዞ ይቀጥላል። ሁለቱ በሁለትና በሦስት ዓመት ሲለያዩ አይደንቅም። ስምም እንዲሁ ነው፤ በ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ የአያት ስም በአንድ መልክ፣ በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ በሌላ መልክ፣ በፋይዳ መታወቂያ ላይ በሦስተኛ መልክ ሆኖ ይገኛል። ቤት ውስጥ የሚጠራበት ስም ሌላ፣ ትምህርት ቤት የተመዘገበበት ሌላ የሆነም ጥቂት አይደለም።

ይህ በምዝገባ ቀን አይስተካከልም። የትምህርት ማስረጃ የሚታረመው ማስረጃውን በሰጠው አካል ነው፤ የልደት ምዝገባ ደግሞ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት በኩል፣ አስፈላጊ ሲሆንም በፍርድ ቤት ውሳኔ ይታረማል። ሥራው ወራት ሊፈጅ ስለሚችል 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ከወዲሁ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል ቢያመሳክር ይበጀዋል። ዋናው ማስረጃ በአይጥና በእርጥበት እንዳይበላሽ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ለየዙሩ የሚሰጠው ፎቶ ኮፒው ነው። ዋናውን ለማመሳከር አሳይቶ መመለስ እንጂ ለማንም ትቶ መሄድ አይገባም።

ዕድሜን ለመቀነስ ወይም የክፍል ደረጃን ለመጨመር ወረቀት ማሠራት ግን ከእርማት የተለየ ነገር ነው፤ ስሙ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ምልምሉ ሥልጠና ላይ እያለም ሆነ ኮንስታብል ከሆነ በኋላ ማስረጃው ወደ ሰጪው ተቋም ተልኮ ሊጣራ ይችላል። ያኔ የሚጠፋው ሥራው ብቻ አይሆንም፤ ሕግ ለማስከበር የገባው ወጣት ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

ምልመላው

መዝጋቢው ኮሚቴ መጀመሪያ ወረቀት ያያል፣ ቀጥሎ ቁመትና ክብደት ይለካል። ከዚያ የአካል ብቃት ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይከተላል፤ የጤና ምርመራው በመንግሥት ጤና ተቋም ይደረጋል። የጣት አሻራም ይወሰዳል።

የገጠር ወጣት «እኔ ሞፈር ተሸክሜ የምውል ነኝ፣ ሩጫ አያቅተኝም» ይላል። እርሻ ትከሻንና ወገብን ያጠነክራል፤ ትንፋሽን ግን ሩጫ ብቻ ነው የሚያለምደው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለችና በዚያ አየር ሁለት ወር በሳምንት አራት ቀን የሮጠ ወጣት ለመለማመጃ ሌላ ቦታ አያሻውም። አፑሽ፣ ቁጭ ብድግና አጭር ፈጣን ሩጫ ይታከሉበት። ክብደት የጎደለውም ማስታወቂያ ሲወጣ በሳምንት ውስጥ ልጨምር ቢል አይሆንለትም፤ ምልመላ በሚጠበቅበት ወቅት ባቄላውን፣ እንቁላሉንና ወተቱን ሁሉ ለገበያ ከማውጣት ከፊሉን ለቤት ማስቀረት ይሻላል። ገበያ ወጥቶ ለሚሸጠው ቤተሰብ ይህ ቀላል ውሳኔ እንዳልሆነ ይታወቃል።

ዓይኑ የደከመበት፣ ጥርሱ የታመመበት ወይም የጆሮ ሕመም ያለበት ወጣት አስቀድሞ ቢታከም ይመረጣል። በምርመራ ቀን ሕመምን መደበቅ ግን የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ሥልጠናው ሌሊት መነሣትን፣ ብርድንና ረጅም ጉዞን ያለ ዕረፍት ስለሚጠይቅ የተደበቀው ሕመም እዚያ ይወጣል።

የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ቀላል ወረቀት ይመስላል እንጂ ክብደት አለው። ወጣቱ በጠብ፣ በስርቆት ወይም በመጠጥ የሚታወቅ ከሆነ ጎረቤት ያውቃል፤ ቀበሌውም ያውቃል። በአንጻሩ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሹም በቂም ወይም በዝምድና እንዳያዳላ አመልካቹ የመጠየቅ መብት አለው፤ ያለ ምክንያት የተከለከለ ለወረዳው ቅሬታ ማቅረብ ይችላል።

በሬ ተሽጦ የሚከፈል ገንዘብ

ለምዝገባም ሆነ ለመመልመል ለማንም ሰው የሚከፈል ገንዘብ የለም። አመልካቹ የሚያወጣው የፎቶግራፍ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የትራንስፖርትና በደረሰኝ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ ነው። ከዚህ ውጭ «ከላይ የማውቀው ሰው አለ»፣ «ስምህን አስገባለሁ»፣ «የጤናውን ውጤት አሳልፍልሃለሁ» የሚል ደላላ ሲመጣ ቤተሰቡ መጠንቀቅ አለበት።

የደላላው ስልት ቀላል ነው። ከአሥር ወጣቶች ገንዘብ ይቀበላል። ከአሥሩ ሦስቱ በራሳቸው ብቃት ያልፋሉ፤ ለእነርሱ «እኔ ነኝ ያስገባኋችሁ» ይላል። ለወደቁት ሰባቱ «ቀጣይ ዙር» ይላቸዋል፤ ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ ጠንክረው ከጠየቁ ገንዘባቸውን ይመልስና «ታማኝ ሰው» የሚል ስም ያተርፋል። ምንም ነገር አልሠራም፤ ግን የሦስቱ ማለፍ ለሚመጣው ዓመት ማስታወቂያው ይሆንለታል። ይህን የተረዳ አባት በሬውን አይሸጥም። በሬ በግንቦት የተሸጠ እንደሆነ በሰኔ የሚታረሰው ማሳ በኪራይ ጥማድ ወይም በእኩል ይታረሳል፤ የጉዳቱ ልክ የሚታወቀው በመኸር ነው።

ሕጉም ለከፋዩ አያዝንም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ የሚቀበለውን ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውንና የሚያቀባብለውንም ይቀጣል። ገንዘብ የተጠየቀ ሰው ሳይከፍል ለወረዳው ወይም ለዞኑ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት ራሱን ያድናል። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዘዋወሩ «በስልክ ተመዝገቡ፣ ይህን ያህል ብር አስገቡ» የሚሉ መልእክቶችም በዚሁ ዓይን ይታዩ፤ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ አቅራቢያ ያለውን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዶ መጠየቅ ይበቃል።

የሚፈረመው ምንድን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፖሊስ አባላትን አይመለከትም። የፖሊስ አባል የሚተዳደረው በራሱ ሕግና ደንብ ነው። በመሆኑም በፋብሪካ ወይም በአበባ እርሻ እንደተቀጠረ ሰው የወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት አይችልም። ምልምሉ ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ይፈርማል። የዓመቱ ቁጥር በማስታወቂያው ወይም በውሉ ላይ ይሰፍራል፤ ከመፈረሙ በፊት እንዲነበብለት መጠየቅ አለበት። ደመወዝ፣ ሬሽንና ሌሎች አበሎችም የተለያዩ ናቸውና «በእጅ የሚደርሰኝ ስንት ነው?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነውር የለውም። ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ መሆንም የግዴታው አካል ነው፤ የፖሊስ አባል ሆኖ የፓርቲ አባል መሆን አይቻልም።

ሥልጠናው ወራት ይወስዳል። ሰልፍ፣ የጦር መሣሪያ አያያዝ፣ ራስን መከላከል፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ፣ ሕገ መንግሥት፣ የወንጀል ሕግና ሥነ ሥርዓት ይሰጥበታል። ያጠናቀቀ በኮንስታብል ማዕረግ ይጀምራል፤ ከዚያ ምክትል ሳጅን፣ ሳጅን እያለ ወደ ኢንስፔክተርና ኮማንደር የሚያደርሰው መሰላል ረጅም ነው። በዲግሪ ደረጃ ለመማር የሚፈልግ በሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለለት።

የጡረታው ጉዳይ በወጣትነት አይታሰብም፤ ለፖሊስ ግን ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ ቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ የፖሊስ አባል ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምርለታል፤ ለሲቪል ሠራተኛ የመንግሥት ድርሻ 11 በመቶ ነው። የልዩነቱ ምክንያት ሥራው አደገኛ መሆኑ ነው። አባሉ በሥራ ላይ ቢጎዳ ራሱ፣ ሕይወቱ ቢያልፍ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹና በእርሱ ይረዱ የነበሩ ወላጆቹ የሕጉን መስፈርት ሲያሟሉ ተጠቃሚ ይሆናሉ። ስለዚህ ሲቀጠር የሚሞላው የግል ሁኔታ ቅጽ ላይ የእናትና የአባት ስም በትክክል ይጻፍ። ካገባ ወይም ከወለደ ቅጹን ያድስ። ከዓመታት በኋላ አንዲት እናት ከቢሮ ቢሮ የምትንከራተተው በዚህ ወረቀት ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ስለ አደጋው

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች መልሰው እንዲደራጁ ወሰነ፤ አባላቱም ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ምርጫ ቀረበላቸው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአራት ወራት ተራዝሞ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ጊዜው አበቃ። ግጭቱ ግን ከአዋጁ ጋር አላበቃም። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ከገበያ የቀረው አርሶ አደር፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት ተማሪና በሥራ ላይ የወደቀው የፖሊስ አባል የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው።

አንድ ወጣት የደንብ ልብስ ሲለብስ ውሳኔው የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ወላጆቹ በሚኖሩበት ቀበሌ ሊደርስ የሚችለውን፣ ለዓመት በዓል ወደ ቤት መምጣት የማይችልበትን ጊዜ፣ ከአብሮ አደጎቹ ጋር በተቃራኒ ወገን ሊያገኘው የሚችለውን አጋጣሚ ቤተሰቡ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ሊነጋገርበት ይገባል። «ደመወዝ አለው» ከሚለው ጋር ይህም አብሮ ይመዘን። ማንም ወጣት ያለ ፈቃዱ አይመዘገብም፤ ምዝገባው በፈቃደኝነት ነው፤ ከመፈረሙ በፊት ሐሳቡን የለወጠም ወደ ቤቱ የመመለስ መብት አለው።

የሚያዘው ሰው መብትና የፖሊሱ ኃላፊነት

በጎጃም ሰላም ማስጠበቅ በደመወዝ የሚሠራ ሙያ የሆነው በቅርቡ ነው። ጭቃ ሹሙ ዳኝነትንም ጸጥታንም ደርቦ ይይዝ ነበር፤ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል ሀገሬው ለአውጫጭኝ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ይቀመጣል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፖሊስን በአዋጅ ቁጥር 6/1934 አቋቋመ፤ በገጠር ግን ነጭ ለባሹ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ለዚህ ነው በዕድሜ የገፉ አባቶች ዘንድ ፖሊስ ማለት ከውጭ የመጣ፣ የሚፈራ ሰው ሆኖ የቆየው።

የዛሬው ሕግ ለፖሊሱ ሥልጣን የሚሰጠው በወሰን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰው ያሠረውን፣ በአንቀጽ 424 ደግሞ ተጠርጣሪን የደበደበውን ወይም ያሠቃየውን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል። በአንቀጽ 74 ደግሞ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ከቅጣት አያመልጥም። ስለዚህ «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚለው ምላሽ ኮንስታብሉን ሁልጊዜ አያድነውም። በቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ፖሊስ መሆን ፈለግህ?» ሲባል «ሥራ ስላጣሁ» ብቻ ከሚል አመልካች ይልቅ ይህን ያነበበና የሚናገረውን የሚያውቅ የተሻለ ነው።

«በሚገባው ቋንቋ» የሚለው ቃል ለአዊ ልጆች የተለየ ትርጉም አለው። አማርኛ የማይሰሙ ወይም በፍርሃት ጊዜ የሚጠፋባቸው እናቶችና አዛውንቶች በገጠር ቀበሌዎች አሉ። አዊኛ የሚናገር ኮንስታብል የከሳሽን ቃል ያለ አስተርጓሚ ይቀበላል፤ በአንድ ቃል ስሕተት ሰው እንዳይታሰርም ያደርጋል። አመልካቹ ይህን ችሎታውን በምዝገባ ቅጹ ላይ መጻፍ አይርሳ፤ ብዙዎች ስላልተጠየቁ ብቻ ይዘሉታል።

ለሴት አመልካቾችም እንዲሁ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ ጠለፋንና አስገድዶ መድፈርን ለማመልከት የምትመጣ ልጅ ግን ቃሏን ለወንድ ፖሊስ መስጠት ትፈራለች። በጣቢያዎች ያለው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ምርመራ ሥራ ሴት አባላትን ይፈልጋል። ቤተሰብ «ለሴት ልጅ አይሆንም» ብሎ ከመዝጋቱ በፊት የማስታወቂያውን የሴቶች መስፈርት ቢያነብ መልካም ነው፤ ቁመቱና ክብደቱ ለእነርሱ ተለይቶ ይቀመጣል።

ያልተመረጠ አመልካች የወደቀበትን ምክንያት ይጠይቅ። ምክንያቱ ቁመት ከሆነ ወደ ሌላ ሥራ ያምራ። ክብደት፣ ትንፋሽ፣ የሚታከም ሕመም ወይም የወረቀት ስሕተት ከሆነ ግን ዕድሜው እስከፈቀደለት ድረስ በሚቀጥለው ዙር ተመልሶ መምጣት ይችላል፤ ማስረጃዎቹን ተቀብሎ፣ ቆጥሮ፣ በፕላስቲኩ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይመለስ።